ድምፅዋ የማይሰማ አንባቢ



በዚህ ጽሑፋችን ከእኩዮቹ ቀድሞ ማንበብ ስለ ቻለ፥ ነገር ግን በክፍል ውስጥ ድምፁ ስለማይሰማ ሕፃን ጥቂት ለማለት ወደናል።

በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የምናውቃት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በቤትዋ የታላቅ ወንድምዋን የአምስተኛ ክፍል መጻሕፍት፥ አፋን ኦሮሞውን በቁቤ፥ አማርኛውን በፊደል፥ ሳትደናቀፍ ታነባቸዋለች። በክፍል ግን እጅዋን አታነሣም። ጓደኞችዋ መምህሩን እየተከተሉ ቃል በቃል ሲያነቡ እርስዋ ገጹን ጨርሳ በመስኮት ትመለከታለች። እናትዋ ስለ ልጅዋ በጠየቀች ቁጥር «ጨዋ ናት፥ አታስቸግርም» የሚል መልስ ታገኝ ነበር። ጨዋነት መልካም ነው፤ ስለ ንባብዋ ግን የሚናገረው የለም። ዓመቱ ሳያልቅ ልጅቱ በቤትም መጽሐፍ መግለጥ ተወች።

መምህሩን ለመውቀስ አንቸኩል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። እንዲህ ባለ ክፍል የመምህሩ ዓይን ወደ ደከሙት ቢያዘነብል ተገቢ ነው። ዝም ብላ የተቀመጠችው ግን ከደካሞቹም ከጎበዞቹም ሳትቆጠር ትቀራለች።

በቀድሞው የፊደል ትምህርት ቤት ይህ ችግር የቀለለ ይመስለናል። የኔታ ልጆቹን በየተራ ከፊታቸው አስቀምጠው ያስነብባሉ፤ ፊደል የለየ ልጅ ወደ አቡጊዳ፥ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት የሚሻገረው በዕድሜው ሳይሆን በንባቡ ነበር። አለንጋው ይቅርብን እንጂ አንድ በአንድ የማድመጡ ልማድ ሊቀርብን አይገባም ነበር።

ስለዚህ ወላጅ መናገር አለበት። ብዙ እናቶችና አባቶች፥ በተለይም ራሳቸው የመማር ዕድል ያላገኙት፥ «መምህር እያለ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ያፍራሉ። ነገር ግን ልጅ በቤት ምን እንደሚያነብ ከእነርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሲሄዱ ክርክር ሳይሆን መጽሐፍ ይዘው ይሂዱ፤ መምህሩም በዕረፍት ሰዓት፥ ሌሎች ልጆች በሌሉበት፥ አንድ ገጽ እንዲያስነብብ ይለምኑት። ዓይን አፋር ልጅን በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አቁሞ ማስነበብ ግን ከቅጣት አይለይም። ክፍል ማዘለልንም አስቀድመን አንመክርም፤ ንባብዋ የአራተኛ ክፍል ቢሆንም ሒሳብዋና ጨዋታዋ የሁለተኛ ሊሆን ይችላልና። የመጀመሪያው ልመና የሚነበብ መጽሐፍ ይሁን።

መጽሐፍ ከወዴት ይምጣ የሚል ይኖራል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት የሚሆን መጽሐፍ አጥተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ፥ በኋላም ከላንጋኖ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። አህያ የሌለው መንደር በእኛም አካባቢ የለም።

ወደዚያች ልጅ እንመለስና፥ እናትዋ በመጨረሻ ደፍራ ሄደች። መምህሩም አስነበባት፤ ጥቂት ካደመጠ በኋላ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አላት። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ሦስት መጻሕፍት አውጥቶ ሰጣት፤ አንዱን በማግስቱ አንብባ መለሰችለት።