ሜዳውን አትተይ፤ ምድጃውን ፍሪ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣
መካነ ኢየሱስ

ባለፈው እሑድ አባትሽ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እባክህ አንተ ምከርልኝ፤ ሩጫውን ትተው» አለኝ። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከወደቅሽና ሐኪሙም የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ካስጀመረሽ ወዲህ፣ እሱም እናትሽም ከዓይናቸው እንድትርቂ አይፈልጉም። እመክራታለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ምክሬ ግን እሱ የጠበቀው ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ለእሱም ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

1. መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሆኜ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ወጣት ሳለሁ ባስተማርኩበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚጥለው የ6ኛ ክፍል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ከግራር ሥር አስቀመጥኩት፤ ሥራው የጓደኞቹን ጫማ መጠበቅ ሆነ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሲሯሯጡ እሱ ኮንጎ ጫማቸውን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደረድራል። ተረከዙ የተበሳውን፣ በጋለ ሽቦ የተጠገነውን፣ የማን እንደሆነ ሁሉንም ያውቃል። ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር። በሽታው ግን ስለተቀመጠ አልተወውም፤ ከዛፉ ሥር ተቀምጦም ወድቋል። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ትምህርቱን አቋረጠ። ልጆቹ «ጫማ ጠባቂው» ይሉት ነበር፤ ለዚያ ስም ያበቃሁት እኔ ነኝ።

2. ቀደም ባለው ጊዜ እንደ እኔ የሚያስቡ ብዙ ነበሩ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1968 የሚጥላቸው ሰዎች ግፊያና ግጭት ካለበት ስፖርት እንዲርቁ መክሮ ነበር፤ በ1974 ምክሩን ለወጠ። የሚጥል በሽታን የሚያጠኑ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ሊግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ስፖርቶችን እንደ አደጋቸው መጠን በሦስት ከፈላቸው። ሩጫ፣ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስና ጭፈራ ከሁሉ ባነሰው መደብ ውስጥ ናቸው። ዋና፣ ብስክሌትና ፈረስ ግልቢያ መካከል ላይ ተቀመጡ። ገደል መውጣትን፣ ውኃ ውስጥ መጥለቅንና የመኪና ውድድርን የመሰሉት ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ተመደቡ።

«ሩጫ ትንፋሽ ያበዛል፤ ትንፋሽ ሲበዛ ይጥላል» የሚል ሰው ይገጥምሻል። ይህን የሚል ሰው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የአንጎል ምርመራ ሲደረግ ታማሚው ተቀምጦ ለ3 ደቂቃ ያህል በኃይል እንዲተነፍስ ይታዘዛል፤ በአንዳንዱ ላይ ይህ በሽታውን ይቀሰቅሳል። ነገር ግን ተቀምጦ የሚያለከልክና የሚሮጥ ሰው ለየቅል ናቸው። ተቀምጦ የሚያለከልከው ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ያስወጣል፤ አንጎሉ የሚነካው በዚህ ነው። የሚሮጠው ሰው ጡንቻ ግን ያንኑ አየር ያለማቋረጥ ያመርታል፤ ትንፋሹ የሚያስወጣው አዲስ የተመረተውን ነው፤ ሚዛኑ አይዛባም።

ስዊድን ውስጥ ለውትድርና የተመለመሉ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወንዶችን መዝገብ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ። በ18 ዓመታቸው ልባቸውና ሳንባቸው ለድካም ጠንካራ ሆኖ የተገኘላቸው፣ ኋላ በሚጥል በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካልጠነከሩት ያነሰ ነበር። ሩጫ ያድንሻል አልልሽም። መቀመጥ ግን እንደማያድንሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሳልሸሽግ ደግሞ ሌላውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የኖርዌይ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ10 ታማሚ አንዱን ገደማ ራሱ እንቅስቃሴው ይቀሰቅስበታል። አንቺ ከዘጠኙ ወገን ትሁኚ ከአንዱ የሚታወቀው በመዝገብ ነው። አንድ ደብተር ያዢ። የወደቅሽበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን ትሠሪ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ክኒኑን ወስደሽ እንደነበር ጻፊ። ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ ደብተሩን አሳዪው።

3. ይህን ከሁሉ አስበልጠሽ ስሚኝ። እናትሽ ከሜዳ ስትከለክልሽ፣ «ይልቅ ጓዳ ግቢና እንጀራ ጋግሪ» ማለቷን ሰምቻለሁ። ስለምትሳሳልሽ ነው ያለችው። አደጋው ያለው ግን እዚያው ጓዳ ነው። ሜዳ ላይ ብትወድቂ ሣር ላይ ነው፤ ጉልበትሽ ይላጥ ይሆናል። ከሦስት ጉልቻ ፊት ቁጢጥ ብለሽ ሳለ ብትወድቂ ግን የምትወድቂው እሳት ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ሰው እጁን አይሰበስብም፤ መቃጠሉም አይታወቀውም። በአገራችን የሚጥለው ሰው ፊቱና እጁ ላይ የምታዪው ጠባሳ ብዙ ጊዜ የምድጃ እሳት ያመጣው ነው።

ስለዚህ ብቻሽን እሳት ዳር አትቀመጪ። አባትሽ ምድጃውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በጭቃ ይሥራልሽ፤ ከቻለም ዙሪያው የተዘጋውን ምርጥ ምድጃ ይግዛ። የፈላ ድስት የሚያወርድ ሌላ ሰው ይሁን። ኩራዝ ከመኝታሽ አጠገብ አይቀመጥ። ቡና ስታፈዪ የከሰል ምድጃው ክንድሽን ዘርግተሽ ከምትደርሺበት አይቅረብ። ማንም በዚህ ቢስቅብሽ ግድ አይስጥሽ።

4. ወንዝ ብቻሽን አትውረጂ። ውኃ ለመቅዳትም ልብስ ለማጠብም ሰው ይኑር። ጥልቅ ውኃ ውስጥ አትግቢ፤ ስትታጠቢ በባሊ ቀድተሽ ታጠቢ። ዛፍ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ በቅሎ ላይ መውጣቱም ይቅርብሽ፤ ቢያንስ በሽታው አደብ እስኪገዛ።

5. ክኒኑ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ ፌኖባርቢታል ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ሲታከምበት የኖረ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነውና ደካማ ነው አትበዪ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ ከ10 ሰዎች እስከ 7ቱ መውደቁን ሊተውላቸው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያንቀላፋሻል፤ ያ ሲያልፍ ሩጫውን ቀስ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ማታ 2 ሰዓት ከራት በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያችው ሰዓት ዋጪው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይቆምም። ድንገት ያቆመ ሰው ተደራራቢ መውደቅ ሊመጣበትና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለት ዓመት ሳይጥልሽ ብትቆዪ መቀነስ ይቻል እንደሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቅነሳውም በወራት ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለማስሞላት ሂጂ። ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶችን እያሠለጠኑ ይህን ሕክምና ለገበሬው ቤት ያቀረቡት፣ ሰው ለአንድ ብልቃጥ ክኒን የሁለት ቀን መንገድ እንዳይሄድ ብለው ነው። ነርሷን አታሳንሻት።

አድገሽ ለትዳር ስትደርሺ፣ ከማርገዝሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው። ምናልባት ኋላ ቢታዘዝልሽ፣ ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ጽንስ ይጎዳል፤ የሚቀየረውም አስቀድሞ ነው።

6. ጠበል ሂጂ። እኔም እሄዳለሁ። ነገር ግን ክኒንሽን በመቀነትሽ ቋጥረሽ ሂጂ። በጠበሉ ላመኑ ክኒን መዋጥ ክህደት አይደለም። «ጠበሉ ከመድኃኒት ጋር አይስማማም» የሚልሽ ካለ፣ በቦታው ያሉትን አባት ጠይቂና ቡራኬያቸውን ተቀበዪ።

7. እንቅልፍ ማጣትን ከሩጫ አብልጠሽ ፍሪው። የንግሥ ዋዜማ፣ ሠርግ፣ የፈተና ሰሞን ሌሊቱን ማንጋት ብዙ ሰው ይጥላል። ማኅሌቱን አድምጪ፤ ግን ጥቂት ተኝተሽ ተነሺ። ጠላና አረቄ አትቅመሺ። ትኩሳት ሲይዝሽ ሜዳ አትውጪ። በጾም ወራት ሳትቀምሺ አትሩጪ፤ ከቅዳሴ መልስ በልተሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ፣ ፀሐዩ ሲበርድ ይሁን።

8. አትደብቂው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5ቱን እንደሚጥል አገኘ። በዚያ ስሌት የእኛ ገበያ በሞላ ቀን ብቻሽን አይደለሽም፤ ከስማዳና ከጋይንት የመጣውም መሐል እንዳንቺው ያለ አለ። በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም።

ለአንድ መምህርና ለሁለት ጓደኞችሽ ይህን ንገሪ፤ እንዲያውም ቅጂልኝና ስጫቸው፤ በአንቺ አፍ ጽፌዋለሁ። ስወድቅ ድንጋዩን ከአጠገቤ አንሱ። ጭንቅላቴ ሥር ነጠላ አጣጥፋችሁ አድርጉ። መንፈራገጤ ሲበርድ በጎኔ አስተኙኝ። አፌ ውስጥ ማንኪያም ቁልፍም አትክተቱ። አትያዙኝ፤ እኔው አቆማለሁ። ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱኝ፤ ጭሱ አያነቃኝም፤ ያቃጥለኝ ይሆናል እንጂ። ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳልነቃ ደግሞ ከጣለኝ ተሸክማችሁ ሆስፒታል ውሰዱኝ።

እኔ አጎትሽ ይህን ሳላውቅ ነው ስንቱን ልጅ ክብሪት ያሸተትኩት።

9. አሯሯጥሽን በሚመለከት ብዙ አልልሽም፤ ከእኔ ትበልጫለሽ። በሳምንት ሦስት ቀን ጀምሪ። የመጀመሪያው ሳምንት የእርምጃ ነው። ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ ሲከፋ ደርበሽ ውጪ። ብቻሽን አትሩጪ፤ የመኪናውን መንገድ ትተሽ ሣሩን ያዢ። ያዞረሽ ወይም ከመውደቅሽ በፊት የምታውቂው ያ የሆድ መረበሽ የመጣብሽ ከመሰለሽ ቁጭ በዪ፤ ለጥ ያለውን መሬት ምረጪ።

አባትሽን አትቀየሚው። እኔ ያን ልጅ ከዛፍ ሥር ያስቀመጥኩት በጥላቻ አልነበረም፤ አባትሽም እንደዚያው ነው። ፍርሃቱን የሚያበርድለት አጠገብሽ የሚቆም ሰው መኖሩ ነው። እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። ሰኞ ከትምህርት መልስ 10 ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር እጠብቅሻለሁ፤ ሰዓትና ነጠላ እኔ እይዛለሁ። ጫማሽን አጥብቀሽ አስረሽ ነይ።