ለጥበብ ጥናት ሕንድ አገር መግባት

ሕንድ በእስያ ክፍለ ዓለም የምትገኝ ሰፊ አገር ናት። ከአዲስ አበባ የተነሳ አውሮፕላን አምስት ሰዓት ያህል በርሮ ሙምባይ ይደርሳል። በዚህ ትምህርት የምናየው ግን ጉዞውን አይደለም። ሰው ለጥበብ ጥናት ባዕድ ከተማ ሲገባ እንዴት ይለምዳል? እሱን ነው የምናየው።

ለአምቦ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቦዳ ተወልደው አምቦ የተማሩት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1960 ለንደንና ፓሪስ ሄደው የቲያትር ጥበብ አጥንተዋል። ኋላም ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሰውልናል። እኛ ዛሬ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ እናዙር። ከሙምባይ በባቡር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የምትገኘውን አህመዳባድን እንውሰድ። ይህቺን ከተማ የመረጥናት የሐበሻ ተወላጅ ያሠራው ሥራ ስላለባት ነው። ስንደርስበት እናነሳዋለን።

እንግዲህ ከአምቦ የተነሳ አንድ የሥዕል ተማሪ አህመዳባድ ገባ እንበል። አማርኛም እንግሊዝኛም ያነባል። ከባቡር ወርዶ ቀና ሲል ግን በየሱቁ ደጃፍ፣ በየመንገዱ ማዕዘን የተጻፈው ጉጃራትኛ ነው። እንግሊዝኛ የተጨመረበት አለ፤ ያልተጨመረበትም ሞልቷል። አንዳንድ ቦታ ቁጥሩ እንኳ በነሱ አኃዝ ነው። የተማረው ሰው በአንድ ጀንበር ማይም ሆነ ማለት ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ አውቶቡስ ወዴት ነው የሚሄደው?» እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። እናንተ ይህን ታውቁታላችሁ። ደብዳቤ ይዞ አንባቢ ፍለጋ መዞር፣ ምን እንደተጻፈበት ባልታወቀ ወረቀት ላይ በጣት መፈረም ምን እንደሆነ ከናንተ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

መላው ፊደል መቁጠር ነው። የጉጃራት ፊደል መልኩ ቢለይም አሠራሩ ከኛ ጋር ይቀራረባል። እኛ «ለ»ን ቅጥል ጨምረን «ሉ» እንደምናደርገው፣ እነሱም «ከ» የሚለው ፊደል ከላይ፣ ከታች ወይም ከጎን ምልክት እየጨመሩ «ኪ»፣ «ኩ»፣ «ኮ» ያደርጉታል። ስለዚህ ሀሁን የቆጠረ ሰው ኤ ቢ ሲ ብቻ ከሚያውቅ ፈረንጅ ይልቅ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል እንላለን። ደግሞም የአምቦ ልጅ ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ ያደገ ነውና አንድ ቋንቋ ቢጨመርበት አይደነግጥም። «ኬም ቾ» ማለት እንደምን አለህ ማለት ነው። ውሃ «ፓኒ» ይባላል። በነገራችን ላይ፣ በሒሳብ ደብተራችሁ የምትጽፏቸው 1፣ 2፣ 3 መነሻቸው ሕንድ ነው። ዓረቦች ከሕንድ ወሰዷቸው፤ ፈረንጆች ከዓረቦች ተማሯቸው፤ ኋላ ለኛም ደረሱን።

ቀጥሎ ወረቀት አለ። ከ180 ቀን በላይ የሚቀመጥ ተማሪ በገባ በ14 ቀን ውስጥ የውጭ አገር ሰው የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ይህን ችላ ያለ ሰው ጣጣ ያገኘዋል።

ምግቡ ብዙ አያስቸግርም። እርግጥ እንጀራ ይናፍቃል። ሽምብራ ግን በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የምታመርተው ሕንድ ስለሆነች፣ የሽምብራ ዱቄት «ቤሰን» ተብሎ በየሱቁ ይሸጣል። በርበሬ ከአገር ቤት የያዘ ሰው ሽሮውን ይሠራል። ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ተቦክቶ የሚጋገር «ዶሳ» የሚባል ስስ ነገርም አለ። እዚያ ሥጋ የማይበላው ሰው ብዙ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጾም በሉት። አረቄ የለመደ ግን ወዮለት! በጉጃራት ያለ ፈቃድ መጠጥ መጠጣት በሕግ ክልክል ነው። ሙቀቱም የዋዛ አይደለም፤ በግንቦት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዝናቡ እንደኛው በሰኔ ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በከተማይቱ መካከል የሲዲ ሰኢድ መስጊድ አለ። ያሠራው ሲዲ ሰኢድ የሐበሻ ተወላጅ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1572 እና በ1573 ነው። ዝነኛ ያደረጉት መስኮቶቹ ናቸው። ድንጋዩ ልክ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል። ዛፉ ከነቅርንጫፉ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ በየቀዳዳው ብርሃን ይገባል። ይህ ሁሉ በመሮ የተሠራ ነው! ተማሪያችን ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ የጸሎት ሰዓት ከሆነ ይታገሣል፤ ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቶ ቅርንጫፉን አንድ በአንድ ይገለብጣል። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ሐበሻ እዚያ ምን ወሰደው? በዚያ ዘመን ከአገራችን ብዙ ሰው በባሪያ ንግድ እየተጋዘ ባሕር ተሻግሯል። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሕንዶች «ሀብሺ» እና «ሲዲ» ይሏቸው ነበር። ብዙዎቹ ወታደር ሆኑ፤ የጦር አዛዥ የሆኑም አሉ። ማሊክ አምበር የተባለው በልጅነቱ ተሸጦ ሄዶ፣ ኋላ የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1610 ከድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ ውሃም በመሬት ውስጥ በቦይና በሸክላ ቧንቧ አስገባላት። የሞተው በ1626 ነው።

ከምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ልዩ ቦታዎች የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ዛሬም በጉጃራት አሉ። ጊር ጫካ አጠገብ ጃምቡር በምትባል መንደር ይኖራሉ። ቋንቋቸው ጉጃራትኛ ነው፤ ከበሯቸውና ጭፈራቸው ግን ከአፍሪካ የመጣ ነው። የብዙዎቹ አያቶች ከየትኛው መንደር እንደተወሰዱ የጻፈላቸው ሰው አልነበረም። ተማሪያችን መስኮቱን ገልብጦ ሲጨርስ ወደዚያም ቢወርድ ጥሩ ነው። ከበሮውን ከመሣሉ በፊት ግን ሽማግሌዎቹን ያስፈቅድ።