የትራክተር ሙቀት መለኪያ ሲጠረጠር፦ ጥፋቱ የመለኪያው ነው ወይስ የሞተሩ?

መግቢያ

የዲዝል ትራክተር አሽከርካሪ በእርሻ ላይ ሳለ አዘውትሮ ሊመለከታቸው ከሚገቡ ነገሮች አንዱ የሞተር ውኃ ሙቀት መለኪያ ነው። በጎበኘነው አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የትራክተሩ መርፌ ደጋግሞ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣ ነበር። ሞተሩ ደኅና ስለሚሠራ «መለኪያው ተበላሽቷል» ተብሎ ሽቦው ተነቀለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቴስታታው ተጣመመ፤ ጋስኬቱም ተቃጠለ። ትራክተሩ የስንዴ ዘር ወቅት እስኪያልፍ ቆሞ ቀረ። መንስኤው የላላ የፋን ቺንጋ ነበር፤ መለኪያው ግን እውነቱን ይናገር ነበር።

ስለዚህ መለኪያው ጥፋተኛ መሆኑ በሙከራ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ትክክለኛ መቆጠር አለበት።

1. በመጀመሪያ ሞተሩን መመርመር

መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ጭነቱን ማውረድና ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ማስኬድ፣ ከዚያም ማጥፋት ይገባል። ውኃው የፈሰሰ እንደሆነ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ የሚከተሉት ይታያሉ፦

ሀ. የራዲያተሩ ውኃ መጠን፤
ለ. የቺንጋው ጥብቀት፤
ሐ. በራዲያተሩ ፊት የተከማቸ ገለባና አቧራ፤
መ. የራዲያተሩ ክዳንና የክዳኑ ጎማ።

ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት እንፋሎቱ ሰው ስለሚያቃጥል፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመርም ብረቱን ስለሚሰነጥቅ ፈጽሞ አይደረግም።

በሥራ ላይ መርፌው በድንገት ቢወርድ ደስ ሊለን አይገባም። ውኃው አልቆ ሴንሰሩ በባዶ ሲቀር ሞተሩ እየጋለ መርፌው «ቀዝቃዛ» ሊያሳይ ይችላል።

2. የኤሌክትሪክ መለኪያ አፈታተሽ

ይህ መለኪያ በሞተሩ ላይ ከተሰካ ሴንሰር በሽቦ መልእክት ይቀበላል። በብዙዎቹ የቆዩ ትራክተሮች ሙቀት ሲጨምር ሴንሰሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይቀንሳል፤ መርፌውም ይወጣል። ሌሎቹም መለኪያዎች አብረው ከቆሙ አስቀድሞ ፊውዙን ማየት ይገባል። ያ ካልሆነ ሞተሩ በርዶ ሳለ ቁልፉን ብቻ በመክፈት፦

ሀ. ሽቦውን ከሴንሰሩ መንቀል፤ መርፌው ወደ «ቀዝቃዛ» መውረድ አለበት። በቀዩ ላይ ከቀረ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል ወይም መለኪያው ራሱ ተበላሽቷል።
ለ. የሽቦውን ጫፍ ለአንድና ለሁለት ሴኮንድ ብቻ የሞተሩን ንጹሕ ብረት ማስነካት፤ መርፌው ወደ «ሙቅ» መውጣት አለበት። ካልተነሣ ሽቦው ተበጥሷል፣ ማያያዣው ዝጓል ወይም መለኪያው አይሠራም።
ሐ. መርፌው ሁለቱንም ከፈጸመ መለኪያውና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው።

ሙቀቱን በኮምፒውተር በሚቆጣጠሩ አዳዲስ ትራክተሮች ላይ ይህ ሙከራ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል አይደረግም፤ የአምራቹን መመሪያ መከተል ግድ ነው።

3. በቀጭን ቱቦ የሚሠራ መለኪያ

በአንዳንድ ትራክተሮች ከሞተሩ እስከ ዳሽቦርዱ የሚዘልቀው ሽቦ ሳይሆን ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተሰነጠቀ መርፌው አይነሣም። ይህ በማሳ ላይ አይጠገንም፤ መለኪያው ከነቱቦው ይለወጣል። ደኅና መሆኑን ለማወቅ ሞተሩ ሲበርድ ውኃውን ዝቅ አድርጎ የቱቦውን ጫፍ መፍታትና በፈላ ውኃ ውስጥ መንከር ይቻላል።

4. የደጋ አገር ጥንቃቄ

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው እንደ አሰላ ባሉ ቦታዎች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፈላ ውኃ የተፈተነ መለኪያ እዚያ 92 ቢያሳይ ትክክል ነው፤ 100 አላሳየም ተብሎ ሊጣል አይገባም።

ይኸው ምክንያት የራዲያተሩን ክዳን ጥቅም ያሳያል። ክዳኑ ግፊት በመያዝ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ከተወተፈ የደጋው ትራክተር ውኃ በ92 ዲግሪ ፈልቶ ይወጣል። ቴርሞስታቱ በብዙ ሞተሮች 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚከፈት የሚቀረው ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ማኅበራት አሽከርካሪው በየዕለቱ የውኃውን መጠንና መርፌው በሥራ ላይ የሚቆምበትን ቦታ በመዝገብ እንዲጽፍ ቢያደርጉ ለውጡ ቶሎ ይታወቃል። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ማኅበራቱን ሲጎበኙ ሽቦው የተነቀለ መለኪያ ካገኙ ትራክተሩ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት እንዲፈተሽ ሊያሳስቡ ይገባል። ሴንሰር መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ግን የአንድ ዓመት ሰብል ያስቀራል።