በቡሎንና በስንጥቅ ታግዞ ጋደም ያለ ልሙጥ ዓለት መውጣት

በአዳራሽ ግድግዳ ላይ መውጣት የለመደ ሰው እውነተኛ ዓለት ላይ ሲቆም መጀመሪያ ግራ የሚገባው ክንዱ ሥራ ሲፈታ ነው። ጋደም ያለ ልሙጥ ግራናይት ላይ የሚጨበጥ ነገር እምብዛም የለም፤ ሰውን የሚያወጣው እግሩ ነው። መከላከያውም እንደ አዳራሹ በየሜትሩ ተደርድሮ አይጠብቅም። አንዱ ጋ ቀድሞ የተተከለ ቡሎን ይገኛል፤ ሌላው ጋ ስንጥቅ ፈልጎ የብረት ሽብልቅ ወይም ካም (ማስፈንጠሪያው ሲለቀቅ ጥርሶቹ ተከፍተው ስንጥቁን የሚይዙ መሣሪያ) መሸጎጥ የወጪው ፋንታ ነው። ስለዚህ እዚህ ደኅንነትን የሚወስነው ጉልበት ሳይሆን ዕቅድ ነው። ቀጣዩን መቆሚያ ሳያዩ ካሉበት መቆሚያ አይነሡ።

ደቡብ ካሊፎርኒያ ያለው የጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ይህን ለመማር ጥሩ ቦታ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ላሉ ወገኖቻችን በመኪና የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው። ዓለቱ ሸካራ ነው፤ ክሪስታሉም በዓይን ይለያል። በብዙዎቹ የቆዩ መንገዶች ላይ ቡሎኖቹ የተተከሉት ከሥር ወደ ላይ እየተወጣ፣ በመዶሻና በእጅ መሰርሰሪያ ነበር። አንዱን ቀዳዳ መብሳት ጊዜ ስለሚፈጅ ተካዩ ሥራውን የሚጀምረው እጁን ለቆ መቆም የሚችልበት ቦታ ሲደርስ ነው። ቡሎኖቹ የተራራቁት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ለእርስዎም ፍንጭ ይሰጣል፤ ቡሎን ካለበት አጠገብ ብዙ ጊዜ ጥሩ መቆሚያ አይጠፋም።

መመሪያው የተዘጋጀው ገመድ መያዝና ቋጠሮ ለሚያውቁ፣ ደረጃው 5.6 ወይም 5.7 የሆነ፣ ቁመቱም ከ25 ሜትር የማይበልጥ መንገድ ለሚወጡ ሰዎች ነው። ሽብልቅና ካም መሸጎጥን ግን ከጽሑፍ ብቻ መማር አይቻልም። አስቀድመው ከሠለጠነ አስጎብኚ ጋር መሬት ላይ ቆመው ይለማመዱ። ከዚያም እሱን ተከትለው እየወጡ የሸጎጠውን ይንቀሉ፤ ለምን እንደያዘም ይመርምሩ።

1. ዕቃ ያሰናዱ

60 ሜትር ገመድ፣ ለሁለቱም ሰዎች ሄልሜትና የወገብ መታጠቂያ፣ የገመድ መያዣ መሣሪያ፣ አንድ ሙሉ የሽብልቅ ስብስብ፣ ከጣት እስከ ጡጫ ስፋት የሚሆኑ ካሞች ያስፈልጋሉ። በሁለት ጫፋቸው ካራቢነር ያለባቸው ጠፍሮች ስምንት ያህል ይያዙ፤ ግማሾቹ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ለጫፉ ማሰሪያ የሚቆለፉ ካራቢነሮች ይጨምሩ። ጫማው ልክክ ያለ ይሁን እንጂ ጣት የሚያጣጥፍ አይሁን፤ ጣት ተጣጥፎ ሶል ዓለት ላይ በሙሉ አያርፍም።

2. መንገዱን ከመሬት ያንብቡ

ቡሎኖቹን ይቁጠሩ፤ በመካከላቸው ስንጥቅ ያለበትን ቦታ ይለዩ፤ ከወደቁ የሚያርፉበት እርከን መኖሩንም ይመልከቱ። ቀጥሎ ያስሉ። የመጨረሻው መከላከያ 5 ሜትር ላይ ሆኖ እርስዎ 10 ሜትር ደርሰው ቢወድቁ መሬት ይመታሉ፤ ገመድ ስለሚሳብ ደግሞ ከ10 ሜትር በታችም አደጋው አለ። ስለዚህ ታችኛው ክፍል ላይ ያገኙትን ደህና ስንጥቅ ሳይጠቀሙበት አይለፉ። ዓለቱ እርጥብ ከሆነ አይውጡ። ፀሐይ ያጋለው ዓለት ላይም ጫማ በደንብ አይዝም፤ ጠዋትን ወይም ጥላን ይምረጡ።

3. ይፈታተሹ

የእርስዎን የስምንት ቁጥር ቋጠሮና የመታጠቂያ ዘለበት ጓደኛዎ ይይ፤ እርስዎም ገመዱ በመያዣው ውስጥ በትክክል ማለፉንና ካራቢነሩ መቆለፉን ይዩ። በገመዱ ሌላኛው ጫፍ ማቆሚያ ቋጠሮ ይቋጠር። በሚጠሯቸው ቃላት ተስማሙ፤ «ያዝ»፣ «አላላ» እና «አውርደኝ» ይበቃሉ። በተለይ ጫፍ ላይ ሲደርሱ በገመድ እንደሚወርዱ ገመድ ያዡ አስቀድሞ ይወቅ፤ ሳይስማሙ ቀርተው ገመድ ያዡ ገመዱን ቢለቅ ሰው ይሞታል።

4. በእግር ይውጡ

ከመነሣትዎ በፊት ሶልዎን በመዳፍ ጠርገው አቧራውን ያስወግዱ። ዓይንዎ እግርዎ ላይ ይሁን። የምስር ፍሬ የምታህል ጎልታ የወጣች ክሪስታል ወይም ትንሽ ረገብ ያለች ቦታ ይፈልጉ፤ የጫማውን ፊት እሷ ላይ ያሳርፉና ሳያንቀሳቅሱ ክብደትዎን ቀስ ብለው ያዛውሩ። ተረከዝዎን ዝቅ፣ ዳሌዎን ከዓለቱ ራቅ ያድርጉ። ፈርተው ዓለቱን ሲያቅፉ ክብደት ከእግር ላይ ይነሣል፤ ጫማውም ይንሸራተታል። እርምጃ ያሳጥሩ። እጅ ሚዛን ለመጠበቅና መዳፍን ወደ ታች ለመጫን ይዋል። እግርዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ተረከዝዎን ዝቅ አድርገው ይተንፍሱ።

5. መከላከያ ያስገቡ

ቡሎን ሲደርሱ መጀመሪያ ይመልከቱት። የሚወዛወዝ፣ የዛገ፣ ወይም ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የድሮ ቡሎን አያስተማምንም፤ ቢያስገቡበትም አጠገቡ ሌላ መከላከያ ይጨምሩ። ዛሬ የሚተከሉት 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ናቸው።

ስንጥቅ ሲያገኙ ዳሩን በጡጫ ይምቱ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ቅርፊቱ ስለሚገነጠል ይተዉት። ስንጥቁ ወደ ታች የሚጠብ ከሆነ ሽብልቁን ከላይ አስገብተው ወደ ታች ይጎትቱ፤ ሁለቱም ጎኑ በሰፊው ዓለቱን ይንካ። ጎንና ጎኑ እኩል ለሆነ ስንጥቅ ካም ይሻላል። ማስፈንጠሪያውን ስበው ያስገቡና ሲለቁት ሁሉም ጥርሶች ዓለቱን መንካታቸውን ይዩ፤ ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ከሆነ ካሙ አነሰ፤ ትልቁን ይሞክሩ። ዘንጉ ቢወድቁ ወደሚጎተትበት አቅጣጫ ይዙር። ገመዱ ካሙን እያወዛወዘ ከቦታው እንዳያንቀሳቅሰው በ60 ሴንቲ ሜትሩ ጠፍር ያራዝሙት።

6. ለመንሸራተት ይዘጋጁ

ገመዱ ከእግርዎ ኋላ እንዳይዞር ዘወትር ይጠብቁ፤ ከዞረ ሲወድቁ በጭንቅላት ይገለብጥዎታል። ከተንሸራተቱ ፊትዎ ወደ ዓለቱ፣ ጉልበትዎ እጥፍ ያለ ይሁን፤ ቡሎኑን ወይም ገመዱን በእጅ ለመያዝ አይሞክሩ። ገመድ ያዡ ዓለቱ ሥር ተጠግቶ ይቁም፤ ርቆ የቆመ ሰው ይጎተታል።

7. ጫፉ ላይ

ራስዎን ጫፉ ማሰሪያ ላይ ባሉት ሁለት ባለቀለበት ቡሎኖች ላይ በሚቆለፍ ካራቢነር ያስሩ። ገመዱን አጥፈው በቀለበቶቹ ያሳልፉ፤ በእጥፉ ላይ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ቋጥረው በሚቆለፍ ካራቢነር መታጠቂያዎ ላይ ያንጠልጥሉት። የመጀመሪያውን ቋጠሮ የሚፈቱት ከዚህ በኋላ ነው። «ያዝ» ይበሉ፤ ክብደትዎን ገመዱ መሸከሙን ካረጋገጡ በኋላ ራስዎን ከማሰሪያው ይፍቱ።

መሃል ላይ ሆነው ከቡሎኑ በላይ ያለው ክፍል ከአቅም በላይ ከመሰለዎት አይግፉበት። ቡሎኑ ጠንካራ ከሆነ አንድ ካራቢነር እዚያ ትተው፣ ከታች ያሉትን መከላከያዎች ሳይነቅሉ ይውረዱ። ሌላ ቀን፣ ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት፣ ልምድ ያለው ሰው ከፊት አስወጥተው ያንኑ ቦታ ከኋላ ተከትለው ይሞክሩት።