ብሩ ብር መሆኑን ውኃ ይመስክር

ዓለም አቀፍ የሕፃናት ዓመትን ምክንያት በማድረግ፣ 1972 ዓ.ም. የሚል ዘመን የተጻፈበት የኢትዮጵያ ባለ 20 ብር የብር ሳንቲም ተቀርጿል። እንዲህ ያለው መታሰቢያ የሚዘጋጀው ለዕለት ግብይት ሳይሆን፣ ሕፃናትን፣ የዱር እንስሳትን ወይም ስፖርትን የመሰለ አንድ ርእስ መርጠው ለሚሰበስቡ የውጭ አገር ሰዎች ነው። ዛሬ አንዱ በእጃችን ቢገባ እውነተኛነቱን በምን እናውቃለን? ጠርዙን በሞረድ መፈተን ይቻላል። ለአንጥረኛ የሚሸጥ ብር ቢሆን ጉዳቱ ጥቂት ነው። ሰብሳቢ ግን የሚከፍለው ላልተነካ ገጹ ስለሆነ፣ ሳንቲሙ እውነተኛነቱ በተረጋገጠበት ቅጽበት ዋጋውን ያጣል። ፊዚክስ ከዚህ የተሻለ መንገድ ያሳየናል።

የሳንቲሙ መጠነ ቁስ 23.33 ግራም ነው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። የብር እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10.49 ግራም፣ የመዳብ ደግሞ 8.96 ግራም ነው። የሁለቱን ይዘት ብንደምር 2.25 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እናገኛለን፤ የቅይጡ እፍግታም 10.36 ገደማ ይሆናል።

እስከ 0.01 ግራም በሚለካ ሚዛን ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ እናስቀምጥና ንባቡን ዜሮ እናድርግ። ከዚያም ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለን፣ የብርጭቆውን ወለልም ሆነ ግድግዳ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ እናጥልቀው። ውኃው ሳንቲሙን ወደ ላይ ሲገፋ፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሳንቲሙም ውኃውን በእኩል ኃይል ወደ ታች ይገፋል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ ቦታውን የያዘበትን ውኃ መጠነ ቁስ ነው። እውነተኛው ሳንቲም 2.25 ግራም ያህል ሲያሳይ፣ በዚያው ክብደት ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ አስመሳይ 2.6 ያህል ያሳያል። በገጹ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ግን ንባቡን ከፍ ስለሚያደርግ፣ እውነተኛውን ሐሰተኛ ሊያስመስለው ይችላል።

ዘዴው ወሰን አለው። የ0.01 ግራም ስሕተት እፍግታውን በ0.05 ያህል ስለሚያዛባ፣ 925ን ከ900 መለየት አስቸጋሪ ነው። እፍግታው 11.34 የሆነው እርሳስም ከመዳብ ጋር በልክ ቢቀላቀል የብርን እፍግታ ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ውኃ ሐሰተኛውን ያጋልጣል እንጂ፣ እውነተኛውን ብቻውን አያጸድቅም።

በመጨረሻም ሳንቲሙን በጨርቅ ከመፈተግ እንቆጠብ፤ ውኃውን በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገን እናድርቀው። ጥቁረቱ ብር ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው፤ እርሱን ስንፍቅ የምንፍቀው ብሩን ራሱን ነው።