ጋሼን ሳላስቀይም የስፖርት መምህርት መሆን እችላለሁ?

የዛሬዋ ጠያቂ የ25 ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ብርሃን ሲሆን የስፖርት ሳይንስ ዲግሪዋን ከያዘች ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጂም በአሠልጣኝነት ትሠራለች። ደብዳቤዋ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይኸው፦

«እትዬ፣ እንደ ታላቅ እህት ቆጥሬዎት ነው የምጽፍልዎ። አባታችን ካረፈ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም ጋሼ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አሁን የማስተማር ዲፕሎማውን ተምሬ፣ የሙያ ፈቃድ አውጥቼ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ልሁን ስለው ፊቱ ጠቆረ። ‹እኔ ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጬ ያደርኩት አንቺ ፊሽካ እንድትነፊ ነው?› አለኝ። እናቴ ደግሞ ‹ቁምጣ ለብሰሽ በተማሪ ፊት ልትዘዪ?› ትላለች። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማይወጣልኝ ነገር አለ። እኛ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህሩ ለወንዶቹ ኳስ ይወረውሩላቸዋል፤ ሴቶቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ፀጉር እንሠራራለን። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እንዲሁ ነበር። ያኔ አንድ ሰው ‹ተነሡ› ቢለን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ጋሼን ሳላስቀይም መምህርት መሆን እችላለሁ? ወይስ ይቅርብኝ?»

የዚህ አምድ መልስ ትማር ነው። ምክንያቱም ከራሷ ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። ወደዚህ ሙያ መግባት የሚሹ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ሩጫ፣ ስለተጫወቱበት ክለብ፣ ለጥቂት ስላመለጣቸው ዋንጫ ነው። በዚህች ልጅ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ሜዳሊያ የለም፤ ያሉት ማንም ያላስነሣቸው ልጆች ናቸው። ስፖርት መውደድና ልጆችን በስፖርት ማሳደግ መፈለግ ለየቅል ናቸው። ጥሩ መምህር የሚወጣው ከሁለተኛው ነው።

ወንድሟን ግን ማንም እንደ ክፉ ሰው እንዳያይባት። ሌሊት ሲነዳ ያደረ ሰው እህቱ ከእሱ የተሻለ ኑሮ እንድትኖር ቢመኝ ተገቢ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የጀማሪ መምህር ደመወዝ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፍ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ጂም ውስጥ በግል የምታሠለጥናቸው ደንበኞች የሚከፍሏት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ጠያቂዋ ይህን ሐቅ «ሙያዬን እወደዋለሁ» በሚል ቃል ልትሸፍነው አይገባም። ወንድሟ ያነሣው ጥያቄ ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ ገንዘብ፣ ሌላው ስለ ክብር። ስለ ገንዘቡ ትክክል ነው። ስለ ክብሩ ግን የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

ፊሽካ መንፋት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከአርሲዋ በቆጂ የተሻለ ምስክር የለም። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው በአሠልጣኙ እጅ ካለፉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። መጀመሪያ ያያቸው ስታዲየም ውስጥ የተቀመጠ የክለብ መልማይ አልነበረም፤ በአቧራማ ሜዳ ላይ የቆመ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ለወንድሟ ይህን ብትነግረው ደስ ይለዋል።

ሆኖም ይህ አምድ በዚህ ምሳሌ ላይ ብቻ እንድትቆም አይመክራትም። በቆጂን የሚያሳየውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ካሜራውን ያሳረፈው በኦሊምፒክ አሸናፊዎቹ ላይ ሳይሆን ገና ጥረት ላይ ባሉ ሁለት ልጃገረዶች ላይ ነው። ልክ አድርጓል። ከአንድ ትምህርት ቤት ደራርቱን የምታክል ሯጭ በትውልድ አንድ ጊዜ ብትወጣ ነው። የተቀሩት ነጋዴ፣ ነርስ፣ ሹፌር፣ እናት ይሆናሉ፤ ጉልበታቸውና ልባቸው ግን እስከ እርጅና አብሯቸው ይኖራል። መምህሯ በዋናነት የምትሠራው ለእነዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ የልብ ምትን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንዲጨምሩ ይመክራል። የድርጅቱ ተመራማሪዎች ከ146 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች 81 በመቶው ከዕለታዊው ልክ በታች ሆነው ተገኝተዋል። ሴቶቹ ለብቻ ሲቆጠሩ 85 በመቶ፣ ወንዶቹ 78 በመቶ ናቸው። የጠያቂዋ ጓደኞች ዛፍ ሥር መቀመጣቸው የደብረ ብርሃን ጉዳይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። እርግጥ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ትምህርት ቤት የምትመጣ ልጅ እንቅስቃሴ አነሳት አይባልም። ሸክም ግን ጨዋታ አይሆንም። ያቺም ልጅ ብትሆን ለደስታዋ የምትሮጥበት፣ ኳስ አንጥራ የምትስቅበት አርባ ደቂቃ ይገባታል።

አሁን ወደ መንገዱ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ሁለት በር አለ። አንደኛው ከመጀመሪያው በመምህርነት ፕሮግራም ገብቶ የትምህርት ዲግሪ መያዝ ነው፤ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የዚህ ዋና ስፍራ ነው። ሁለተኛው እንደ እሷ የስፖርት ሳይንስ ዲግሪ ላለው የሚሆነው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ሲሆን፣ ብዙዎች ፒጂዲቲ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ ነው፤ በመደበኛው የአንድ ዓመት ያህል ትምህርት ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ባዮሜካኒክስ፣ አትሌቲክስና ጂምናስቲክስ በዲግሪው ጊዜ አልፈዋል። አዲሱ ነገር የትምህርት ሥነ ልቦና፣ የማስተማር ሥነ ዘዴ፣ የክፍል አያያዝ፣ ምዘናና ተግባራዊ ምርምር ነው። ከሁሉም በላይ ፕራክቲከሙ አለ፤ ትምህርት ቤት ገብቶ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት መቆም።

ከዚያ የሙያ ፈቃዱ ይመጣል። የሙያ ብቃት ምዘናው የጽሑፍ ፈተናና የማህደረ ተግባር ግምገማ አለው። ማህደረ ተግባር የሚባለው መምህሯ ያዘጋጀቻቸው የትምህርት ዕቅዶች፣ ተማሪ የመዘነችባቸው ቅጾች፣ የሠራችው ሥራ ማስረጃ ተሰድሮ የሚቀርብበት ነው። ስለዚህ ከፕራክቲከሙ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዷን ወረቀት ቀን ጽፋባት ትያዝ፤ በመጨረሻው ሳምንት ከማስታወስ የሚሞላ ማህደር ያስታውቃል። ፈቃዱ አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር ሳይሆን የሚታደስ ነው። አዲስ መምህር በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በአማካሪ መምህር እየታገዘ ከሙያው ጋር የሚተዋወቅበት ፕሮግራም አለ፤ በየዓመቱም 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ መምህራኑ «ተሙማ» የሚሉት፣ ይጠበቃል። መሰላሉ ከጀማሪ መምህር ወደ መለስተኛ፣ ወደ መምህር፣ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም እስከ መሪና ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል፤ ደመወዙም አብሮት። የምዝገባ ጊዜና መስፈርት በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል የዘንድሮውን ከትምህርት ቢሮው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ራሷ ታንብበው፤ ሰው የነገራትን ብቻ ይዛ እንዳትሄድ።

ጂም ውስጥ ያካበተችው ልምድ ይጠቅማታል፣ ግን አያታልላት። ጂም የሚመጣው ሰው ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ ቁርሱን በልቶ ነው። ትምህርት ቤት የሚጠብቃት ስድሳ ልጅና አንድ ኳስ ሊሆን ይችላል። አንዱ አስም አለበት፣ አንዷ ቁርስ አልበላችም፣ ሌላው በክራንች ይሄዳል፣ ከኋላ የቆሙት ሁለቱ የወር አበባቸው ስለመጣ ምክንያት ፈልገው ሊቀሩ ነው። ይህን ሁሉ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ማየት መቻል ነው የፈቃዱ ትርጉም። ኳሱን ወርውሮ ጥላ ሥር መቀመጥ ማንም ይችላል፤ ለዚያ ፈቃድ አያስፈልግም።

አንድ ኳስ ያላት መምህርት ስድሳውን ልጅ በአምስት በስድስት ቡድን ትከፍላለች። አንዱ ቡድን በኳሱ ቅብብል ይሠራል፤ ሌላው በገመድ ይዘላል፤ ሦስተኛው በኖራ የተሠመረ ሰኞ ማክሰኞ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይለማመዳል፤ አራተኛው በጨርቅ ኳስ ዒላማ ይመታል፤ አምስተኛው ሱዚ ይዘላል። በየጥቂት ደቂቃው ፊሽካ ይነፋል፣ ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። እዚህ ላይ የወንድሟ ፊሽካ ሥራ አገኘች። ሱዚን ከሰውነት ማጎልመሻ የማይቆጥሩ አሉ። እስኪ ከፍታው ወገብ ሲደርስ አሥር ደቂቃ ይዝለሉትና ይዩት! በክራንች የሚሄደው ልጅ ደግሞ ነጥብ መዝጋቢ ተደርጎ ዳር እንዲቆም አይፈረድበትም፤ ዒላማ ምታ ለእሱ የተሠራ ያህል ነው። ውጤትም ሲሰጥ ማን ቀደመ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ልጁ ከመስከረም እስከ ጥር ራሱን ስንት አሻሻለ ተብሎ መሆን አለበት። ይህ የአምዱ ጽኑ እምነት ነው፤ በውጤት የተዋረደ ልጅ ዕድሜ ልኩን ከሜዳ ይሸሻል።

«ሴት ሆኜ ወንዶቹ ይሰሙኛል ወይ» የሚል ሥጋትም በደብዳቤዋ ጫፍ ላይ አለ። አሠልጣኝ መሠረት ማኒ ድሬዳዋ ከነማን፣ ያውም የወንዶቹን ቡድን፣ በፕሪሚየር ሊጉ አሠልጥናለች። ጎልማሳ ተጫዋቾች የሰሟትን ያህል የዘጠነኛ ክፍል ልጆችም ይሰማሉ። የሚሰሙት ግን ድምፅ ስለከፈተች ሳይሆን ምን እንደምታሠራቸው አውቃ ስለመጣች ነው። ያልተዘጋጀ መምህር ወንድም ሴትም ቢሆን በሦስተኛው ሳምንት ይታወቅበታል።

ጋሼን የማናገሩ ነገር የመጨረሻው ነው፤ ጊዜውም ከምዝገባ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ተመዝግባ ብትነግረው ቅሬታው በሙያው ላይ መሆኑ ይቀርና በእሷ ላይ ይሆናል። በስልክም አይሁን፤ መንገድ ላይ ያለ ሹፌር በስልክ ከቤተሰብ ጋር አይከራከርም። ከጉዞ ተመልሶ ካረፈ በኋላ፣ ከተቻለ የሚያከብሩት አጎት ወይም የንስሐ አባት ባሉበት ትቀመጥ። ስታወራም ከምስጋናው ትጀምር፤ እውነተኛ ምስጋና ነውና አይከብዳትም። ቀጥላ ወረቀት ታውጣ፤ የትምህርቱ ክፍያ፣ የመጓጓዣው፣ የኪራዩ፣ በዚያ ዓመት የምታገኘው። ማለዳና ማታ የሚመጡ የጂም ደንበኞቿን ይዛ መቆየት ከቻለች ዓመቱን ከእሱ ኪስ ሳትጠይቅ ልታልፈው ትችላለች፤ ይህንን አስልታ ብታሳየው ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ከዚያ በፊት ግን በአቅራቢያዋ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳ ጥቂት ክፍለ ጊዜዎች ቁጭ ብላ ትይ። አቧራውን፣ ጩኸቱን፣ የመምህሩን ድካም አይታ ፍላጎቷ ካልቀነሰ ለወንድሟ የምትናገረው ነገር ክብደት ይኖረዋል። ቀንሶ ከሆነም አንድ ዓመት ከመክሰሯ በፊት ማወቋ ነው።

ምናልባት ያን ቀን እሺ ላይል ይችላል። ዝም ቢል አትገፋፋው፤ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ዝምታ ብዙውን ጊዜ ማሰብ ነው። ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ በአክብሮት «ጋሼ፣ ያስተማርከኝ ራሴን እንድችል አይደል? ይኸው ልሞክረው» ብላ በራሷ ገንዘብ መመዝገብ ትችላለች። 25 ዓመት የሞላት ሴት ናት። ማስቀየም የሚሆነው ብትደብቀው ነበር።

ለእናቷ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። ሰፊ ቱታና ረጅም እጅጌ ያለው ቲሸርት ለብሶ፣ ፀጉርን በሻሽ ሸፍኖም ጭምር፣ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ማሠራት ይቻላል። ቱታውን ከእናቷ ጋር ሄደው ቢገዙት መልካም ነው። ጫማው ላይ ግን አትቆጥብ፤ ቀኑን ሙሉ ኮረት ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ወፍራም ሶል ይፈልጋል።