የሥራ ማመልከቻን በኮምፒዩተር ማፋጠን፤ ጥቅሙና ጣጣው

በአዲስ አበባ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው የአራት ኪሎን ጋዜጣ አከራዮች አይረሳቸውም። በሣንቲም ጋዜጣ ተከራይቶ የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ማገላበጥ፣ ለሙያው የሚስማማውን በወረቀት ገልብጦ መያዝ፣ ማመልከቻውን ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማስተየብ፣ የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ማስደረግ፣ ከዚያም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞሩ ማስመዝገብ የተለመደ ድካም ነበር። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰው በሳምንት ከሦስትና ከአራት ቦታ በላይ ለማመልከት ይቸገር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ማስታወቂያው በኢትዮጆብስና በቴሌግራም ቻናሎች ይወጣል፤ ወደ ዓረብ አገሮች የሚያማትረው ባይት የተባለውን ድረ ገጽ ይቃኛል፤ ከውጭ ድርጅቶች ጋር መሥራት የሚሻው ሊንክድኢን ላይ ይመዘገባል። በዚህ ላይ ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም በኅዳር 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022) ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ፣ እርሱና እንደ ጄሚናይ፣ ክሎድ፣ ኮፓይለት ያሉት መሰሎቹ ማመልከቻ ደብዳቤውንም ሆነ ሲቪውን በደቂቃ ውስጥ ጽፈው ይሰጣሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብደው፣ ሙያው ግን በእጁ ያለ ወጣት ከዚህ መሣሪያ ብዙ ሊጠቀም እንደሚችል አያጠራጥርም። ከዚህ ቀደም አንድ ደብዳቤ ለማስተካከል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ደጅ ይጠና እንደነበር የምናስታውስ ሁሉ የዚህን ጥቅም አናጣውም።

ለመሆኑ ታዲያ ጣጣው የት ላይ ነው? ጣጣው ማሽኑ ከመጻፍ አልፎ መፍጠር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አሠራሩን በመጠኑ ማወቅ ይጠቅማል። እነዚህ ፕሮግራሞች ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ተመግበው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ቢመጣ ተስማሚ እንደሚሆን እየገመቱ የሚጽፉ ናቸው። ስለ አመልካቹ የሚያውቁት አመልካቹ የነገራቸውን ብቻ ነው። የነገራቸው ጥቂት ሲሆን የቀረውን ቦታ ባዶ መተው አይሆንላቸውም፤ ሌሎች ሰዎች በሲቪያቸው ላይ ሲጽፉት ባዩት ዓይነት ነገር ይሞሉታል። ለምሳሌ ያህል አንድ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ወጣት «በአንድ የሸማቾች ማኅበር ለ2 ወር ተለማማጅ ሆኜ ደረሰኝ መዝግቤአለሁ» ብሎ ይስጠው። ማሽኑ ይህን ተቀብሎ «የማኅበሩን የፋይናንስ ሥርዓት በመምራት ወጪውን በ30 በመቶ ቀንሻለሁ» ብሎ ቢመልስለት አይግረመን። ሠላሳ በመቶው ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። በእንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁጥር ስለሚበዛ ብቻ ቁጥር ገባበት።

በዚህ መንገድ የተጎዱት ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ ከተማ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የጻፈላቸውን የፍርድ ጥቅሶች ሳያጣሩ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርበው ነበር። የተጠቀሱት ፍርዶች ፈጽሞ ያልተሰጡ፣ ማሽኑ የፈጠራቸው ሆነው በመገኘታቸው 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተወስኖባቸዋል። የሕግ ባለሙያ በሙያው እንዲህ ከተታለለ፣ የመጀመሪያ ሥራውን የሚፈልግ ተመራቂ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

የተጋነነው ወረቀት አመልካቹን እስከ ቃለ መጠይቁ በር ሊያደርሰው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ማሽኑ አብሮት አይገባም። «ወጪውን በ30 በመቶ የቀነስከው እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ዝምታ ይሆናል፤ ዝምታው ደግሞ በትክክል የሠራውን ሁሉ ጭምር ጥርጣሬ ላይ ይጥልበታል። ሁለት ወር ሙሉ ደረሰኝ ሳያዛንፍ መመዝገብ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ መልካም ምስክር ነበር። ያን እውነተኛ ምስክር በማይታመን ወሬ መለወጥ ማለት ጥሬ ገንዘብን ሰጥቶ ሐሰተኛ ኖት እንደመቀበል ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖች «ቀጣሪዎችም እኮ በማሽን ነው የሚያጣሩን፤ ማሽንን ማታለል ምን ነውር አለው?» ሲሉ ይሰማል። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አንልም። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአመልካቾችን ሲቪ የሚመዝን ፕሮግራም ሲሠራ ቆይቶ ነበር። ፕሮግራሙ የተማረው በ10 ዓመት ውስጥ ለኩባንያው ከገቡት ማመልከቻዎች ነበር፤ አብዛኞቹም የወንዶች ስለነበሩ «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ዝቅ አድርጎ መመዘን ጀመረ። ኩባንያው ፕሮጀክቱን የተወው ሲሆን፣ ጉዳዩን ሮይተርስ የዜና አገልግሎት በ2018 ይፋ አድርጎታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ሕግም ለቅጥር የሚውሉ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው መካከል መድቧቸዋል። ስለዚህ ማጣሪያው ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነው የሚል የለም። ሆኖም ግን የማጣሪያው ጉድለት የሚታረመው በሕግና በቁጥጥር ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ውሸት ግን የሚያስጠይቀው ስሙ ከላይ የተጻፈውን ሰው ነው። አንዳንዶች በነጭ ፊደል ዓይን የማያየው ጽሑፍ ሲቪው ውስጥ በመደበቅ ማጣሪያውን ለማለፍ ይሞክራሉ። ቀጣሪው ጽሑፉን ወደ ሌላ ገጽ ሲገለብጠው የተደበቀው ሁሉ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።

ይልቅስ ማጣሪያው በቀላሉ እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል። ብዙዎቻችን ሲቪያችንን በስልክ ፎቶ አንስተን ወይም ስካን አድርገን መላክ ለምደናል። ይህ ለሰው ዓይን ጽሑፍ ቢመስልም ለኮምፒዩተር ሥዕል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፊደሉን አያነበውም። በሁለት ረድፍ የተከፈለ፣ በሠንጠረዥና በጌጥ የተሞላ ሲቪም እንዲሁ ይዘበራረቅበታል። ባለ አንድ ረድፍ፣ ርእሶቹ ግልጽ የሆኑ፣ ተተይቦ እንደተቀመጠ የሚላክ ጽሑፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ውድ አንባቢያን፣ ማሽኑን ከመክፈት በፊት አንድ ቀን ሙሉ ቢወስድም መሠራት ያለበት ነገር አለ፤ ይኸውም አመልካቹ በገዛ ቃሉ፣ ቢፈልግ በአማርኛ፣ የራሱን መዝገብ መጻፉ ነው። የት ሠራ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ የቅርብ አለቃው ማን ነበር፣ በቀን ምን ያህል ደንበኛ ያስተናግድ ነበር፣ በምን ፕሮግራም ይሠራ ነበር፣ ምን ተበላሽቶ እንዴት አስተካከለ፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ። በአባቱ ሱቅ መርካቶ ውስጥ ዕቃ እየቆጠረ ያደገ ልጅ ይህን እንደ ሥራ ልምድ አይቆጥረውም። ነገር ግን የዕቃ ክምችት መከታተል፣ ከአከፋፋይ ጋር ዋጋ መደራደር፣ ዱቤ መዝግቦ መሰብሰብ ሙያ ነው፤ በትክክል ከተገለጸም ለብዙ የሽያጭና የመጋዘን ሥራ ይጠቅማል። ማሽኑ ሊፈጥረው ከሚችለው ይልቅ እኛ የዘነጋነው እውነት ይበልጣል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

መዝገቡ ከተዘጋጀ በኋላ የሥራ ማስታወቂያውን ከመዝገቡ ጋር ለማሽኑ ሰጥቶ በመጀመሪያ እንዲያነጻጽር ማዘዝ ይሻላል፤ «ማስታወቂያው ከሚጠይቀው ውስጥ በመዝገቤ ያለውንና የሌለውን ለይተህ አሳየኝ» ይበሉት። አብዛኛው ጊዜ የሚቆጠበው በዚህ ደረጃ ነው። አንድ ሰው ሊያሟላው ለማይችለው ሥራ ግማሽ ቀን ከማጥፋቱ በፊት ቁርጡን ያውቃል። የሚያሟላ ከሆነ ደብዳቤውን ሲያስጽፍ «በመዝገቤ ውስጥ የሌለ ሥራ፣ ቁጥር፣ የምስክር ወረቀት ወይም የማዕረግ ስም አትጨምር፤ የጎደለ ነገር ካለ ጠይቀኝ» የሚል ትእዛዝ ማከል ያስፈልጋል። ትእዛዙ ፈጠራውን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ስለዚህ የወጣውን ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያነበቡ «በዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ብጠየቅ እመልሳለሁ?» ማለት የግድ ነው። መልስ የሌለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ።

በተለይ በእኛ ዘንድ ማሽኑ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው 2015 ብሎ ብቻ ቢጽፍ የውጭ ቀጣሪ ከትክክለኛው ጊዜ 8 ዓመት ቀድሞ የተመረቀ አድርጎ ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲህ የት ነበርክ ማለቱም አይቀርም። ማሽኑን አስላልኝ ቢሉት ደግሞ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 እየደመረ ያምታታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑን አመልካቹ ራሱ አስልቶ ቢጽፍ ይመረጣል። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በ«ኦ»ም በ«ዩ»ም ይጻፋል፤ ኤሙም አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ዐብዱረሕማን የሚለው በአንዱ ማስረጃ ተገጥሞ፣ በሌላው ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል፤ ቅጹን በራሱ የሚሞላ ፕሮግራም «ዐብዱል»ን ብቻ ስም አድርጎ ቀሪውን የአባት ስም ቦታ ላይ ሲከተው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ማሽኑም የተለመደ የመሰለውን አጻጻፍ መርጦ «ያርማል»። በፓስፖርት፣ በዲግሪና በፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ካልሆነ ሥራው ከተገኘ በኋላ ስንት ደጅ እንደሚያስጠና የደረሰበት ያውቀዋል። ስለሆነም ስም ለማሽን አይተውም። ሲኦሲ የሚለውንም ምሕጻረ ቃል የውጭ ቀጣሪ ስለማያውቀው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ መሆኑ ተብራርቶ ይጻፍ።

ማመልከቻው በአማርኛ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ፕሮግራሞች ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር የተመገቡት የአማርኛ ጽሑፍ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚጽፉትም ደብዳቤ የትርጉም ጠረን አለው። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው «በታላቅ ደስታና ጉጉት ተሞልቼ» የሚል ማመልከቻ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጻፍ የአማርኛ ማመልከቻ ግማሽ ገጽ ቢሆን ነው፤ በራስ እጅ ቢጻፍ ያምራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ያለ ሰው እጅ በቀን መቶና ሁለት መቶ ማመልከቻ የሚልኩት ፕሮግራሞች ናቸው። ሊንክድኢን እንዲህ ያለውን አውቶማቲክ ፕሮግራም በደንቡ ከልክሏል፤ የተደረሰበት ሰው አካውንት ሊታገድ ይችላል። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 እንደዘገበው በዚሁ መድረክ ላይ በየደቂቃው በአማካይ 11,000 ማመልከቻ ይገባል። በዚህ ጎርፍ ውስጥ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ መቶ ደብዳቤ መጨመር ምን ይፈይዳል? የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ ነው።

በጅምላ የሚያመለክት ሰው ማን ዘንድ እንዳመለከተም አያውቅም። ይህ ደግሞ ከሥራ ማጣት የበለጠ አደጋ አለው። በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 260 ያህል ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ተዘግቧል። ወደነዚህ ካምፖች ከገቡት ብዙዎቹ በታይላንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒዩተር ሥራ አለ ተብለው የተታለሉ ናቸው። አንድ በአንድ የሚያመለክት ሰው የድርጅቱን አድራሻ ለማጣራት፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ለመጠየቅ፣ ለቪዛና ለምዝገባ ብር ላክ የሚለውን ለመጠርጠር ጊዜ አለው። ማሽኑ ከቆጠበልን ጊዜ ላይ ለዚህ የሚሆነውን መመደብ ይገባናል።

በተመሳሳይ ምክንያት የፓስፖርት ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የቤት አድራሻ ለማሽኑ መስጠት አያስፈልግም። ደብዳቤ ለመጻፍ አንዳቸውም አይጠቅሙትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለግል መረጃችን ጥበቃ ቢሰጥም፣ በውጭ አገር ኮምፒዩተር ላይ በገዛ እጃችን ያፈሰስነውን ለቅሞ መመለስ ቀላል አይደለም። በቦታቸው ባዶ መስመር ትቶ በመጨረሻ በእጅ መሙላት ይቻላል።

ማሽኑ በእርግጥ የሚያስመሰግነው ሌላ አገልግሎት አለ፤ እርሱም የቃለ መጠይቅ ልምምድ ነው። ማስታወቂያውንና የተላከውን ሲቪ ሰጥቶ «እንደ ጠያቂ ሆነህ አንድ በአንድ ጠይቀኝ፤ መልሴን ሳትሸፋፍን ንቀፍ» ቢሉት ሳይሰለች ሌሊቱን ሙሉ ይጠይቃል። መልሱን በጽሑፍ ከመስጠት ይልቅ ድምፅን ከፍ አድርጎ በአፍ መመለስ ይሻላል፤ በተለይ እንግሊዝኛው በወረቀት ላይ አምሮ በአፍ ለሚያስቸግረው። ለዚህም የተላከው ደብዳቤና ሲቪ ቅጂ ከማስታወቂያው ጋር፣ የተላከበት ቀን ተጽፎበት መቀመጥ አለበት። ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ቶሎ ይነሳል፤ ስልኩ ግን የሚደወለው አንዳንዴ ከሦስት ወር በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ተጋፍተው ቆመው ሳለ ነው።